ሸክላው የዘለለው ስንኝ

በእኛ ሰፈር «እስክደርስ አትተኚ»ን ሳይዘል የሚዘፍን ሰው የለም። ሁለተኛው አዝማች ሊገባ ሲል አንዲት ቦታ አለች። ኤልሮይ ታንሲል «ዝናቡ ከኋላዬ፣ መንገዱ ከፊቴ» ይልና ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ «እስክደርስ አትተኚ» ብሎ ይገባበታል። እዚያች ቦታ ላይ ደቡብ ሜምፊስ በሙሉ ትከሻውን ሰብቆ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይዘላል። ሠርግ ላይ ይዘላል፣ ምረቃ ላይ ይዘላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ሳይቀር ከነጥሩንባው ይዘላል። «ዝላዩ» ነው የምንለው። መራመድ ከመልመድሽ በፊት ዝላዩን ለምደሻል ትለኛለች ያሳደገችኝ አክስቴ ክሊዮታ። የማይሆን ነገር መሆኑን ባውቅም ስትለው ደስ ይለኛል።

ዝላዩ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዘፈኑን ያሳተመው ትንሽ ኩባንያ በዓመቱ ተዘጋ፤ ከታተሙት ጥቂት ሸክላዎች አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ተጭነው እዚያው ቀሩ። እኛ ጋ የቀረው የሬዲዮ ጣቢያው ሸክላ ነበር። ያን ሸክላ ዲያቆን ሃስኬል ፕሩዊት በየጠዋቱ ያጫውቱታል፣ ሰው ከሬዲዮ በካሴት ይቀዳዋል፣ ካሴቱን ደግሞ ጎረቤት ይቀዳዋል። ኤልሮይ በአርባ አንድ ዓመቱ ሲሞት ወዳጆቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዲያቆን ሃስኬልን ሊቀ መንበር አደረጉ፤ በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በልደቱ ሰሞን ቅዳሜ ቀን ተሰብስበው ያስቡታል። ዓሣ ይጠበሳል፣ ዘፈኑ ይከፈታል፣ ይዘለላል። ሠላሳ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ «ዘፈኑ እንደዚያ አይደለም» የሚሉት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ሚስ ቨርሊን ስቶክስ። በወጣትነታቸው ላውንደሪ ቤት ሸሚዝ ይተኩሱ ነበር። ኤልሮይ ስም ሳያወጣ፣ ሌላ ሴትም ሳያገባ፣ አራት ዓመት ከእሳቸው ጋር ኖሯል። ይህን የሚክድ የለም። ሰው ያላመናቸው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። «እዛች የምትዘሉባት ቦታ ላይ ስለኔ እጅ የሚናገር ስንኝ አለ» ይላሉ። «የታለ?» ሲሏቸው «ሸክላው ላይ» ይላሉ። ሸክላው በየጠዋቱ ይሰማል፤ ስንኙ የለም። እንዲህ ሲባባሉ አርባ ስምንት ዓመት ሞላቸው። እኛም ልጆች ሳለን በራቸው ላይ እየዘለልን «ሚስ ቨርሊን፣ ስንኝዎ ተገኘ?» እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፍተውብኛል። አበጁ።

ነገሩን ያወቅሁት ባሕር ተሻግሬ ነው። የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች እንዴት እንደሚጠበቁ ልማር ብዬ እንግሊዝ አገር፣ ሰሜኑ ውስጥ፣ ካፊያ የማያቋርጥበት ከተማ አምስት ዓመት ተቀመጥኩ። እዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ጸጉራቸው የሸበተ ነጮች ሰፋፊ ሱሪ ለብሰው፣ ወለሉ እንዲያንሸራትታቸው የሕፃን ገላ ፓውደር ነስንሰው፣ ሶል በሚባለው የእኛ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ይጨፍራሉ። ሰው አይተዋወቅም፤ ዘፈኑን ግን ከነታተመበት ዓመት ያውቁታል። አንድ እሑድ ሳላስበው የኤልሮይ ድምፅ መጣ። እንባዬ መጣ። እዛች ቦታ ስንደርስ ትከሻዬን ሰብቄ ዘለልኩ። ብቻዬን። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ አንድ ሰምቼው የማላውቀው ነገር እየዘፈነ ነበር።

ሸክላ የሚያጫውተው ዴሪክ የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠጋ ብዬ በጨዋ ደንብ አረምኩት።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ስንኝ ጨምራችኋል። እኔ የዘፋኙ ሰፈር ልጅ ነኝ።»

ዴሪክ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እኛ ሹፌርና ሚስማር መቺ ነን እንጂ ግጥም ጸሐፊ አይደለንም፤ ከየት አምጥተን እንጨምራለን? ነይ፣ ጆሮሽን አምጪ» አለና መርፌዋን መለሳት።

«ዝናቡ ከኋላዬ፣ መንገዱ ከፊቴ፣
ካውያ የለበለባት እጅሽ ትረፍ በደረቴ፣
እስክደርስ አትተኚ።»

«ከፊቴ» ቤት የሚመታላት አጥታ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ቆማ ነበር፤ አንዳችንም አላየናትም። የተደፋብኝን ውሃ እዚያው ቆሜ እንደገና ቀመስኩት።

ዴሪክ ሸክላውን ለሁለት ዓመት ለምኜው እምቢ አለኝ። ጉልበቱ ሲታመምና መጨፈር ሲያቆም ግን ራሱ ደውሎ «መጥተሽ ውሰጂው፣ አገሩ ይግባ» አለኝ።

እኔም አገሬ ገባሁ፤ ሰኔ ላይ። ሸክላውን በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩትና ሁለት ወር ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ልቀመጥ ወይስ ልመለስ እንደሆነ እንኳ ቁርጡን መናገር አልችልም ነበር፤ ከእንግሊዝ ይዤ መጥቼ አገር የሚጨፍረውን ጭፈራ ተሳስታችኋል የምለው ማን ሆኜ ነው? ዝላዩንም እወደዋለሁ። እዚያ በብርድ ውስጥ ሆኜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያስታወሰኝ እሱ ነው። እውነቱን ባውቅ ኖሮ ባልዘለልኩ ነበር? አላውቅም።

ረቡዕ ዕለት ክሊዮታ ለቅዳሜው የአምባዛ ዓሣ ጓሮ ውስጥ እየገፈፈች «ሰማሽ?» አለችኝ። «ቨርሊን ሰኞ ወደ ሂውስተን ልትሄድ ነው፤ ልጇ ሊወስዳት።»

«ልትጎበኘው?»

«ልትኖር ነው እንጂ! ቤቱም ተሸጠ። እንግዲህ ቴክሳሶች ስለዚያ ስንኝ ሊሰሙ ነው፤ አምላክ ይሁናቸው።»

«አክስቴ፣ ስንኙ አለ።»

ቢላዋው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«አለ። ሙሉውን ሸክላ ይዤዋለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ነው።»

ክሊዮታ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ስትናደድም ስትፈራም የምታደርገው ይህንኑ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም።

«አምስት ዓመት ተምረሽ ያመጣሽልኝ ይሄንን ነው? እኔ እኮ ያችን ሴትዮ ጸጉር ቤት ውስጥ ውሸታም ብያታለሁ። በአደባባይ! በፋሲካ ዋዜማ! ወረፋው እስከ መንገድ ወጥቶ!»

«እንግዲያማ ቢያንስ አንቺ...»

«እንግዲያማ ውሃ አምጪልኝ። ዓሣው ሊሸት ነው።»

ውሃውን አቀበልኳትና ሸክላውን ይዤ ወደ ሚስ ቨርሊን ሄድኩ።

ቤታቸው ካርቶን በካርቶን ሆኗል። መጋረጃው ወርዶ ፀሐይ እስከ ጓዳ ትገባለች። ሸክላውን ሳወጣ እጃቸውን አልዘረጉም። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ስሙን አነበቡት።

«ይኼ ያ ነው?»

«አዎ ሚስ ቨርሊን። ሙሉው ነው። ማጫወቻም ይዣለሁ፤ ላሰማዎት?»

«ለምን?»

«ይስሙታ! ይኸው አለ እኮ፤ እውነትዎን ነበር።»

«እውነቴን እንደሆነማ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ማብሰያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ያወጣው፤ ይኼን የተቃጠለ ግራ እጄን ቅቤ እየቀባሁ። ለኔ ምን ታሰሚኛለሽ? ስሚ ልጄ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

«ሬኔታ። የክሊዮታ...»

«አዎ፣ ባልዲዋ። ስሚ ሬኔታ። ኤልሮይ ዝነኛ ከሆነ በኋላ አንድ ጊዜ መናፈሻው ውስጥ ሲዘፍን ሄድኩ። ሚስቱ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ፣ ዛፍ ሥር። ሰዉ ይኼን ዝላይ ያኔ ጀምሮት ነበር። እዛች ቦታ ሲደርስ ሁሉም ዘለለ። ኤልሮይ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ምን ያደረገ ይመስልሻል?»

«ዘፈነው?»

«ዘለለ። ከነሱ ጋር። ትከሻውን እንዲህ አድርጎ።» አሳዩኝ፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸውም አሳምረው አሳዩኝ። «በሱ አልፈርድም። ሚስት ፊቱ ተቀምጣ ምን ያድርግ። ግን ከዛ ቀን ጀምሮ እኔና አምላክ ብቻ ቀረን ስንኙን የምናውቅ። አሁን ከሸክላ አልሰማውም። ሰኞ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ከነሱ አፍ ነው የምፈልገው። ውሸታም ካለኝ አፍ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይኼን ማድረግ ትችያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ደህና። ቢያንስ አትዋሺም» አሉና አንድ ካርቶን እንድይዝላቸው ጠቆሙኝ።

የቅዳሜው ነገር በዲያቆን ሃስኬል እጅ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሸክላውን የሚያስቀምጡትም፣ ንግግሩን የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ማጫወቻዋን አይነካም። ዓርብ ጠዋት በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ሸክላውን ስሰጣቸው የድሮ ሙያቸው ሆኖ በዳርና በዳሩ በመዳፋቸው ያዙት። ከዚያ ወደ ብርሃን አዘንብለው ገጹን ተመለከቱ። ሰው አዲስ ሸክላ ሲያይ ጭረት ይፈልጋል። እሳቸው ግን አንዲት ቦታ ብቻ ነበር ያዩት፣ እዚያችው ጋ። ጭረት ስለሌለባት ፊታቸው ጠቆረ።

«የት አገኘሽው?»

«እንግሊዝ አገር። ዲያቆን ሃስኬል፣ ሚስ ቨርሊን የሚሉት ስንኝ...»

«አለ» አሉ። «እንዳለማ ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል? የጫርኩት እኔ ነኝ።»

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን ጊዜ ጣቢያው ውስጥ አንድ ነገር እንዳይሰማ ሲባል በሚስማር እንጭረው ነበር። ዝም ብሎ መጫር ማንም ይችላል። መርፌዋ አራት ዙር ብቻ ዘልላ በትክክል አዝማቹ አፍ ላይ እንድታርፍ ማድረግ ግን...» ጣታቸው አየር ላይ ትንሽ መስመር አሰመረች። «በስድስት አሮጌ ሸክላ ተለማምጃለሁ። አንድ ምት እንኳ አልጎደለም፤ ከበሮው ይገጥማል። ሕዝቡ የጨፈረበት ለዛ ነው።» ኮራ ብለው ነበር። ወዲያው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ለምን?»

«ኦዴሳ እህቴ ናት። የኤልሮይ ሚስት። አንቺ የምታስታውሻት በእርጅናዋ ነው፤ ያኔ መዘምራኑን ትመራ ነበር። ዘፈኑ በወጣ በሁለት ሳምንቱ ሴቶቹ እጇን ማየት ጀመሩ። መዝሙር መጽሐፍ የያዘችበትን እጅ! ኦዴሳ ካውያ ነክታ አታውቅም። የማን እጅ እንደሆነ ገባቸው። ከዛ ጓንት ማድረግ ጀመረች። በሐምሌ፣ በዚህ ሙቀት፣ ነጭ ጓንት። አንድ እሑድ ቤት ገብታ ጓንቷን ስታወልቅ እጇ በላብ ተልጦ አየሁት። ሰኞ ጠዋት ሚስማር ይዤ ገባሁ። ያስታወሱት ሴቶችም ስለሷ ሲሉ ዝም አሉ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉም።»

«ሚስ ቨርሊንስ?»

«ቨርሊንን አላሰብኳትም። እውነቱ ይኼ ነው። ኋላ ላይ ሳስባት ደግሞ ዝላዩ አገር ሆኖ ነበር።»

«ኦዴሳ ካረፉ እኮ ስድስት ዓመት ሆናቸው።»

«መቼ እንደሞተች ነጋሪ አያስፈልገኝም፤ እኔ ነኝ የቀበርኳት።» ሸክላውን ወደ ልባሱ መለሱት። «ሕዝቡ ዲያቆን ይለኛል። ሊቀ መንበር ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማይክሮፎን ይዤ ሌባ ነበርኩ ልበል? ሸክላውን ነገ አጫውተዋለሁ። ከዚህ በላይ ምንም አትጠይቂኝ።»

ይበቃል ብዬ አመሰገንኳቸው። ሸክላው ራሱ ይናገራል ብዬ አሰብኩ። እውነት ጮክ ብሎ ከተሰማ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የማኅበሩ አዳራሽ ጢም አለ። የኤልሮይ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ያልለበሰ የለም፤ በየእጁ ደግሞ ከቀብር ድርጅት የተሰጠ ባለእንጨት ማራገቢያ አለ። ማቀዝቀዣው እንደ ወትሮው አይሠራም። በዓመቱ ውስጥ ያረፉ አባላት ስም ተጠራ፤ በእያንዳንዱ ስም ሰዉ «አለን» ብሎ ስለሟቹ መለሰ። ክሊዮታ ከኋላ ምጣዷ አጠገብ ቆማ ዓሣውን እያገላበጠች ስፓጌቲውን ታስወጣለች። ሚስ ቨርሊን አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው መጡና በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ለዘጠኝ ዓመት ረግጠውት አያውቁም። ሰዉ እየተጎሻሸመ አያቸው።

«ስንኟን ይዛ መጣች እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቅ ተሰማ።

ዲያቆን ሃስኬል በዚያ እንደ ሞቀ ማር በሚፈስ የሬዲዮ ድምፃቸው «የክሊዮታ ልጅ፣ እንግሊዝ የከረመችው፣ አዲስ ቅጂ አምጥታልናለች» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። መርፌዋን አስቀመጡ።

ሰዉ ተነሣ። ከመጀመሪያው ጊታር ጀምሮ ሁለት መቶ ሰው አብሮ ዘፈነ፤ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ያችን ቦታ እጠብቃለሁ። «ዝናቡ ከኋላዬ፣ መንገዱ ከፊቴ» አሉ። ዘለሉ። ወለሉ ጮኸ። «እስክደርስ አትተኚ!» ብለው በሙሉ ጉሮሯቸው ገቡ። ከሥር የኤልሮይ ድምፅ ሌላ ነገር ይላል፤ ግን ማን ይሰማዋል? እነሱ አዝማቹ ላይ ናቸው፣ እሱ ገና ስንኙ ላይ ነው። እሱ አዝማቹን ሲጀምር እነሱ ግማሹን ጨርሰዋል። እግሩ ተምታታበት፣ ጭብጨባው ተበታተነ፣ አንዲት ሴትዮ ከባሏ ጋር ተጋጨች።

«ቁም! ቁም! አቁሙት!» አለ አንድ ድምፅ። «ሸክላው ተበላሽቷል!»

«ይጎትታል እኮ!»

«የእንግሊዝ ነው ተባለ አይደል! ሻይ ፈስሶበት ይሆናል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «የኛን አምጡ! ደህናውን!» ብለው ጮኹ። ሙሉው ሸክላ ሲመጣላቸው የተሰበረው እሱ መሰላቸው። እኔ ብናገር ምን ይሆናል? ከውጭ የመጣች ልጅ «እናንተ ናችሁ የተሳሳታችሁ» ትላለች፤ እንግሊዞቹን ያልኳቸውን።

ሚስ ቨርሊን ቦርሳቸውን ከወለሉ አነሡ። አልተቆጡም። ዝናብ ይዘንባል ተብሎ እንደዘነበበት ሰው ሆነው ተነሡ።

«ቨርሊን፣ ቁጭ በይ» አሉ ዲያቆን ሃስኬል።

መርፌዋን አንሥተው ማይክሮፎኑን ያዙ። ሰዉ አሮጌውን ሊያስገቡ ነው ብሎ ጠበቀ። ድምፃቸው ሲመጣ ግን የሬዲዮው አልነበረም፤ እሑድ ጠዋት ጉባኤውን የሚያስጀምሩበት ነበር። የመዝሙር መጽሐፍ ያልነበራቸው ቀደምቶቻችን፣ ዲያቆኑ ስንኙን በቁሙ ሲያወጣላቸው እየጎተቱ ይቀበሉት ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እንደዚያ ነው። ዲያቆን ካወጣ ትቀበላለህ። አስቦ የሚቀበል የለም።

«ዝናቡ ከኋላዬ፣ መንገዱ ከፊቴ» አሉ፤ በንባብ።

ሁለት መቶ ሰው ሳያውቀው ተቀበለ። ያለ ከበሮ፣ ያለ ዝላይ፣ ቀስ ብሎ፣ እየጎተተ። አንዳንዱ ትከሻውን ሰብቆ ነበር፤ መልሶ አወረደው።

«ካውያ የለበለባት እጅሽ ትረፍ በደረቴ።»

ተቀበሉ። አፋቸው ከገባበት በኋላ ነው ምን እያሉ እንደሆነ የገባቸው፤ ካውያ የሚለው ላይ ድምፁ ሳሳ፣ እጅሽ የሚለው ላይ ግማሹ ዝም አለ። ክሊዮታ ማንኪያዋን እንደያዘች ከምጣዱ ዞረች። የቀሩት ግን ጨረሱት። ሁሉም ወደ በሩ ተመለከተ።

«ስንኙ ነበር» አሉ ዲያቆን ሃስኬል። «ሸክላው አልተበላሸም። የተበላሸው የኛው ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። በሚስማር። እህቴን ሰው እንዳያያት ብዬ። ቨርሊን አንድም ቀን አልዋሸችም። እሷ ውሸታም ስትባል እኔ አጠገቧ ቆሜ ዓሣ እበላ ነበር።»

ማራገቢያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ቆይ» አለ መሐል ላይ የቆመ አንድ ወፍራም ሰው፣ ፊቱን ጨምድዶ። «ዝላዩ... ሚስማር ነው? አርባ ስምንት ዓመት የጨፈርነው በሚስማር ነው?»

«በሚስማር ነው።»

«ኧረ በጌታ!» አለና ተቀመጠ። ከጎኑ የነበረችው ሴት መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን በማራገቢያዋ ሸፈነች። ከኋላ አንድ ሰው ደግሞ ተቆጥቶ ቲሸርቱን እየጎተተ ወጣ። ሊቀ መንበሩን ሊሰድብ ፈልጎ ዲያቆኑን መስደብ አቃተው መሰለኝ።

ሚስ ቨርሊን ገና እንደቆሙ ነበሩ።

«ድገመው» አሉ።

«ምን አልሽ?»

«ድገመው አልኩህ። እዛ ጥግ ያሉት አልተቀበሉም።»

ዲያቆኑ ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ ጥጉም ተቀበለ። ክሊዮታም ተቀበለች፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ጮኸች። ሚስ ቨርሊን የሚመጣ ዕቃ እንደሚቆጣጠር ሰው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙትና ቦርሳቸውን መልሰው ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አሮጌው ሸክላ ተከፈተ፤ ጥቂቱ ዘለለ፣ ጥቂቱ ስንኙን በዝላዩ ውስጥ በጥድፊያ ሊያስገባው ሞከረ፣ ጥቂቱ ዝም ብሎ ቆመ። እኔ የቱን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ክሊዮታ ሰሃን ሙሉ ዓሣ ከስፓጌቲና ከጎመን ጋር ይዛ ወደ ሚስ ቨርሊን ስትሄድ ግን ተከተልኳት። ሰሃኑን አስቀመጠችና አጠገባቸው ተንበረከከች። ሰዎች ከበቡን።

«ሚስ ቨርሊን፣ የቷ እጅ ናት?»

የግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ክሊዮታ በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ይታያል» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ይኸው፣ እዚህች ጋ።»

«አዎ፣ ይታያል» አለ ሌላ።

«በደንብ ነው የሚታየው!»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሽብሽብ ቆዳ በቀር ምንም አልነበረም።

«አይታይም» አሉ ሚስ ቨርሊን፤ እጃቸውን ነጥቀው ወሰዱ። «ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እውነት ስናገር ውሸታም ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ትዋሹልኛላችሁ? እኔ አልዋሸሁም፤ እናንተም አትዋሹልኝ። ተነሺ ክሊዮታ፣ ጉልበትሽ ያምሻል። ሹካ አምጪልኝ።»

ክሊዮታ ተነሥታ ሹካ አመጣች። ሰዉ አፍሮ ተበተነ። ዲያቆን ሃስኬል ብቻ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሙ። ሚስ ቨርሊን ቀና ሳይሉ ዓሣውን ከእሾሁ እየለዩ ሁለት ጉርሻ በሉ።

«ምን ይገትርሃል?»

«ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ። ይቅር ግን አላልኩህም። ገና እየበላሁ ነው።»

ዲያቆን ሃስኬል ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቁ።